ፎርድ ፊውዥን (ከ2013 እስከ 2020)፦ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሞተሩን ይለይ

ፎርድ ፊውዥን ከገበያ የወጣው ስለከሸፈ አይደለም። እዚህ የምመለከተው ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ቀርቦ በ2013 ሞዴልነት መሸጥ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ከቶዮታ ካምሪና ከሆንዳ አኮርድ ጋር ለዓመታት ሲፎካከር የኖረ መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ነው። ይሁን እንጂ የሰሜን አሜሪካ ገዢ ፊቱን ወደ ኤስዩቪ እያዞረ በመሄዱ፣ ፎርድ በኤፕሪል 2018 በዚያ ገበያ ሴዳኖችን መሸጥ ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ የፊውዥን ምርትም በጁላይ 2020 አበቃ። በአውሮፓ ሞንዴዮ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ወንድሙ በስፔን ቫሌንሲያ እስከ 2022 ተመርቶ እሱም ቆመ። ስለዚህ ዛሬ ፊውዥን የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ያገለገለውን መግዛት ብቻ ነው፤ ጥያቄውም የትኛውን የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከሌሎች መኪኖች ይልቅ በፊውዥን ላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ፊውዥኖች ከኮፈናቸው ሥር ፈጽሞ የተለያዩ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ዘይቱና ኩላንቱ በወቅቱ እስከተቀየረለት ድረስ ባለቤቱን ሳያስቸግር ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ሲሆን፣ ሌላው ግን ያለ ምንም የአያያዝ ጉድለት የሞተር ብሎክ እስከ ማስቀየር የሚያደርስ የአሠራር ችግር ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ነው። በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ ግን ጎልቶ የሚጻፈው የቆዳ መቀመጫው፣ የጣሪያው መስኮትና የተነዳበት ኪሎሜትር ነው። የሞተሩ ዓይነት ከተጠቀሰም በመጨረሻ ነው፤ ኪሎሜትሩ አነስተኛ መሆኑም፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ በአንዳንዶቹ ላይ ዋስትና አይሆንም።

ሻጩ ራሱ መኪናው ላይ የትኛው ሞተር እንደተገጠመ በትክክል ላያውቅ ይችላል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ግን ይናገራል። በፊት መስታወቱ በኩል በሹፌሩ ወገን ጥግ ከሚነበቡት አሥራ ሰባት ምልክቶች መካከል ስምንተኛው ሞተሩን ያመለክታል፤ 7 ከሆነ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 2.5 ሊትር፣ አር ከሆነ ባለ 1.6 ሊትር ተርቦ፣ ዲ ከሆነ ባለ 1.5 ሊትር ተርቦ፣ 9 ከሆነ ባለ 2.0 ሊትር ተርቦ፣ ዩ ከሆነ ደግሞ ሃይብሪድ ነው። አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት የሚገልጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ በ3 ከጀመረ መኪናው በሜክሲኮ ኤርሞሲዮ፣ በ1 ከጀመረ በሚሺጋን ፍላት ሮክ የተገጣጠመ ነው፤ በሁለቱ ፋብሪካዎች ሥራ መካከል ግን ለገዢ የሚታሰብ ልዩነት አላየሁም። ይህን ቁጥር ሳያነቡ በዋጋ መነጋገር መጀመር ትርጉም የለውም።

ከሚያሳስቡት ሞተሮች ልጀምር። በ2013 እና በ2014 ሞዴሎች ላይ የተገጠመው ባለ 1.6 ሊትር ኢኮቡስት (ፎርድ ለተርቦ ሞተሮቹ የሰጠው ስም ነው) ገና ከመውጣቱ በ2012 መጨረሻ ላይ ከመጠን በላይ በመሞቅና በእሳት አደጋ ስጋት ምክንያት በአምራቹ የጥገና ጥሪ፣ ማለትም በሪኮል፣ ተመልሶ ተጠርቷል። በ2017 እንደገና ተጠራ፤ የዚህኛው ምክንያት ኩላንት ሲጎድል ወይም ሳይዘዋወር ሲቀር ቴስታታው ከመጠን በላይ ሞቆ ሊሰነጠቅና ከስንጥቁ የሚወጣው ዘይት በጋለው ሞተር ላይ ሲፈስ እሳት ሊያስነሣ የሚችል መሆኑ ነበር። ለዚህ የተሰጠው መፍትሔ የኩላንቱን መጠን ተከታትሎ ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር መግጠም ነው፤ ሴንሰሩ አደጋውን ቀድሞ ያሳውቃል እንጂ ቴስታታውን አይለውጠውም። ስለዚህ ጥገናው የተሠራለት ባለ 1.6 ሊትር ፊውዥን እንኳ ቢሆን፣ ሌላ የተሻለ አማራጭ እያለ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

እሱን የተካው ባለ 1.5 ሊትር ኢኮቡስት በብዛት የተሸጠና በተለይ ኤስኢ በሚባለው የመሣሪያ ደረጃ ላይ በየቦታው የሚገኝ በመሆኑ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የዚህ ሞተር ችግር ምንጩ የብሎኩ አሠራር ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ቀጭን ግድግዳ አናት ላይ ለማቀዝቀዣ ተብሎ ኩላንት የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ ተቆርጧል፤ ቦዩ ግን ጓርኒሲዮኑ ተጭኖ ሊያሽግ የሚገባውን ገጽ ስለሚያጠብበው፣ ሞተሩ በተደጋጋሚ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ማሸጊያው እየደከመ ኩላንቱ ወደ ሲሊንደሩ መሾለክ ይጀምራል። ይህ ሲሆን ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ቦዩ እዚያው ስለሆነ ችግሩ ይመለሳል። አምራቹ ለወኪሎቹ ባሰራጨው የጥገና መመሪያም መፍትሔው በቦይ ፋንታ የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉትን የተሻሻለ ብሎክ መግጠም ሆኗል። የሞተርና የካምቢዮው የመጀመሪያ ዋስትና አምስት ዓመት ወይም 96,000 ኪሎሜትር ገደማ ስለነበር፣ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዋስትና ውጭ ናቸው፤ የብሎክ ቅያሪው ወጪም በሙሉ በአዲሱ ባለቤት ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ችግሩ በእያንዳንዱ ባለ 1.5 ሊትር መኪና ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ከቀላል ጥገና ውጭ ምንም ሳይነካቸው የሚሠሩ ብዙ አሉ። የገዢው ጭንቀት የትኛው እንደሚበላሽ አስቀድሞ የሚታወቅበት አስተማማኝ ምልክት አለመኖሩ ነው። የጀመረ መፍሰስን ግን መለየት ይቻላል። ለዚህም መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ገዢው ሲደርስ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው ምርመራውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሻላል። ኮፈኑ ተከፍቶ የኩላንት ማጠራቀሚያው ሲታይ መጠኑ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነና ከሞተሩ ውጭ የፈሰሰበት ምንም ምልክት ከሌለ፣ ኩላንቱ የሄደው ወደ ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ሞልቶ የፈሳሹ ቀለም ከወትሮው የነጣ ከሆነም ሻጩ ለሽያጩ ሲል ውኃ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች እየተንቀጠቀጠ በሦስት ሲሊንደር ብቻ የሚሠራ መስሎ ቆይቶ በኋላ ከተስተካከለ፣ በጭስ መውጫውም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጭምር መውጣቱን ከቀጠለ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሌሊቱን የተጠራቀመ ኩላንት እንዳለ ይጠቁማል።

ኮምፒዩተር ይዞ የሚሄድ መካኒክ ካለ ደግሞ ሲሊንደር ቤንዚኑን በትክክል አለማቃጠሉን የሚያመለክቱትን ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉ ኮዶች ይፈልጋል፤ ኮድ አለመገኘቱ ብቻውን ግን አያረጋጋም። መኪናው በራሱ የሚያካሂዳቸው የምርመራ ዑደቶች ገና አልተጠናቀቁም የሚል መልስ ከተገኘ፣ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ብሎኩ በተሻሻለው ስለመቀየሩ ደረሰኝ ያለው ከፍተኛ ኪሎሜትር የተነዳ ባለ 1.5 ሊትር፣ ምንም ካልተነካ ዝቅተኛ ኪሎሜትር ካለው ይልቅ ይመረጣል፤ ይህን ሻጮች ለማመን ይቸገራሉ። በተጨማሪም ይህ ሞተርና ባለ 1.6 ሊትሩ በካቴና ሳይሆን በቺንጋ የሚሠሩ ስለሆነ፣ ዕድሜያቸው ወደ አሥር ዓመት ለተጠጋና ላለፈ መኪኖች የቺንጋው ቅያሪ ከግዢው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ባለ 2.0 ሊትሩ ኢኮቡስት ሁለት የተለያዩ ሞተሮች የተሸከሙት አንድ ስም ነው። እስከ 2016 ሞዴል ድረስ የነበረው 240 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን በብሎኩ ጠንካራ መሆኑ ይነገርለታል። በ2017 የመጣው ባለ 245 ፈረስ ጉልበቱ ግን አዲስ ንድፍ ሆኖ እንደ 1.5 ሊትሩ ኩላንት ወደ ሲሊንደር የማስገባት ችግር ተከትሎታል። አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጉልበት የሚፈልግ ገዢ የ2015ን ወይም የ2016ን ባለ 2.0 ሊትር ቢመርጥ ከ2018ቱ የበለጠ የሰላም እንቅልፍ ያገኛል። ይህ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ በመግቢያ ቫልቮቹ ላይ ካርቦን ይጠራቀማል፤ ይህ ግን የሚጸዳ ነገር ነው።

ባለ 2.5 ሊትሩ ለወሬ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም፤ ለያገለገለ መኪና ከዚህ የተሻለ ምስጋና መኖሩን እጠራጠራለሁ። ተርቦ የለውም፣ ቤንዚኑ የሚረጨው እንደ ቀድሞው በመግቢያ ቱቦው ላይ ነው፣ የሚሠራው በካቴና ነው፣ ጉልበቱም 175 ፈረስ ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ካምቢዮው ወደ ታች ማርሽ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ ግን በዝግታ ነው የሚጨምረው፤ በአማካይ ለ100 ኪሎሜትር 9 ሊትር ገደማ መጠቀሙም ለዛሬ ጊዜ ቁጠባ የሚባል አይደለም። ሆኖም ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ የሚያውቀው ዓይነት ሞተር ነው። የሚገርመው ይህ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዝቅተኛዎቹ የኤስ እና የኤስኢ ደረጃዎች ላይ መሆኑ ነው፤ ጨርቅ መቀመጫና አነስተኛ ስክሪን ያለው ርካሹ ፊውዥን በሁለተኛ ባለቤት እጅ ከውዱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው ማለት ነው።

ሃይብሪድ ካልሆኑት ሞተሮች ጋር የሚሠራው ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ መካከለኛ ነው። የዕድሜ ልክ ዘይት ነው በሚል ሳይቀየርለት የኖረ ከሆነ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲያልፍ መንገጫገጭ፣ ወይም ማርሹ ሳይገባ ሞተሩ ለቅጽበት ከፍ ብሎ መጮኽ ይታይበታል። ትክክለኛው ዘይት መርኮን ኤልቪ የሚባለው ነው፤ በሌላ ዘይት የተሞላ ካምቢዮ ቀድሞውኑ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በሙከራ ጉዞ ወቅት ሬዲዮው ተዘግቶ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እየተነዳና እየቆመ ቢፈተሽ ብዙ ይነግራል።

ከሁሉም በላይ የምመርጠው ሃይብሪዱን ነው። በ2.0 ሊትር ቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ጥምረት 188 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ባትሪው ከቀዳሚው ትውልድ የተለየ፣ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ነው። ካምቢዮው ኢሲቪቲ ቢባልም እንደ ተራዎቹ ሲቪቲዎች፣ ማለትም ቋሚ ማርሾች እንደሌሏቸው ካምቢዮዎች፣ በቺንጋ የሚሠራ አይደለም፤ እንደ ቶዮታ ሃይብሪዶች ሁሉ እርስ በርስ በተናበቡ ጥርሶችና በሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚሠራ በመሆኑ የሚንሸራተት ፍሪሲዮንም ሆነ የሚያልቅ ቺንጋ የለውም። የፍሬን ሸራዎቹም ብዙ ይቆያሉ፤ መኪናው ሲቀንስ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነውና። በዳሽቦርዱ ላይ በረጋ መንፈስ ለሚነዳ ሹፌር ቅጠሎች እየበዙ የሚያሳየው ሥዕል ለአንዳንዶች የልጅ ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ሲሠራ አይቻለሁ።

ስለ ነዳጅ አጠቃቀሙ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መኪናው ሲወጣ ለ100 ኪሎሜትር 5 ሊትር ብቻ እንደሚበቃው ተነግሮለት ነበር፤ ይህ አኃዝ በእውነተኛ አነዳድ ሊገኝ ባለመቻሉ ፎርድ በ2014 ወደ 5.6 ሊትር ገደማ አስተካክሎ ለባለቤቶቹ ካሣ ከፍሏል። የተስተካከለው አኃዝ ለዚህ መጠን መኪና ዛሬም የሚያስመሰግን ነው። በአሮጌ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያውን አኃዝ ይዞ የሚከራከር ሻጭ ግን አሁንም አይጠፋም።

ሃይብሪዱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ባትሪው የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫው ጀርባ በመሆኑ የዕቃ መጫኛው ከ453 ሊትር ወደ 340 ሊትር ይወርዳል፤ ወለሉም ወጣ ገባ ስለሆነ ትልልቅ ሻንጣዎችን ጎን ለጎን ማስገባት ያስቸግራል። በሶኬት የሚሞላው ኢነርጂ የተባለው ዓይነት በዚህ ረገድ የባሰ ነው፤ የዕቃ ቦታው 232 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቤተሰብ ለያዘ ሰው ፈጽሞ አልመክረውም። በሃይብሪዱ ካምቢዮ ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ሲያልቅ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል የማያቋርጥ እምምታ ይሰማል። ይህን ድምፅ ከጎማ ድምፅ መለየት ይገባል፤ የጎማው ድምፅ መንገዱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲለወጥ ይለወጣል፣ የኩሽኔታው ግን አስፋልቱ ምንም ዓይነት ቢሆን ያው ነው። ድምፁን የሰማ ገዢ ዋጋ በማስቀነስ ሊካካስ ይችላል ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ሥራው ካምቢዮውን ማውረድን የሚጠይቅ ነው።

ባትሪው ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ችግር ነው ያለው። ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ገደማ ዋስትና ተሰጥቶት የነበረ ሲሆን ጤንነቱን ለመገመት የተለየ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ በሙከራ ጉዞ ባትሪው ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳየው ምልክት ተረጋግቶ በዝግታ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ መልካም ነው፤ በአንድ አጭር ዳገት ላይ ተሟጦ በጥቂት ደቂቃ ቁልቁለት የሚሞላ ከሆነ ግን ሴሎቹ ደክመዋል። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚሳብ አየር ስለሆነ፣ ማራገቢያው ከኋላ በኩል ዘወትር ጮክ ብሎ የሚሠራ ከሆነ የአየር መግቢያው በአቧራ ወይም በቤት እንስሳ ፀጉር ተደፍኖ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ፊውዥን የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና ነው ብሎ ለማመን የሚያስቸግር ጠባይ አለው። ከሞንዴዮ ጋር አብሮ የተነደፈ በመሆኑ መሪው ቀጥተኛና ትክክለኛ ነው፤ ኩርባ ላይ አካሉ አይጋደልም፣ በጉድጓድ ላይ ሲያልፍም አሞርዛተሮቹ ድንጋጤውን ሳያጋንኑ ይውጡታል። በረጅም ጉዞ ላይ ከዘመኑ ካምሪ ይልቅ ጸጥ ያለና የማያደክም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያው ልክ የጣሪያው ቁልቁል መውረድ ለመልኩ ውበት ቢሰጠውም ረጃጅም ሰዎችን ከኋላ መቀመጫ ላይ አንገታቸውን ያስደፋል፤ የኋላው መስታወት ጠባብ ስለሆነም ወደ ኋላ ለማስገባት ካሜራ የሌለውን መኪና መግዛት አይመከርም። የሕፃን መቀመጫ ለመግጠም የኋላ በሮቹ በበቂ ይከፈታሉ፤ የጣሪያው ጠርዝ ግን ሕፃን ተሸክሞ ለሚያጎነብስ ወላጅ ግንባር አያዝንም።

የውስጥ ክፍሉ እስከ 2015 ሞዴል ድረስ ማይፎርድ ተች በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን እሱ ዘገምተኛና አናዳጅ ነው፤ ለመንካት የሚያገለግሉት ለስላሳ አዝራሮችም አንዳንዴ ጣት ሳያርፍባቸው ይሠራሉ፣ አንዳንዴም ተጭነዋቸው አይሰሙም። ከ2016 ጀምሮ የመጣው ሲንክ 3 ፈጣንና ለመረዳት ቀላል ነው። በ2017 በተደረገው ማሻሻያ የማርሽ ዘንጉ ቀርቶ በሚዞር ክብ ቁልፍ ተተክቷል፤ ብዙዎች አይወዱትም፣ ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የማነሣውን አንድ ከባድ ችግር አስቀርቷል።

ችግሩ ይህ ነው። ከ2013 እስከ 2016 ባሉት አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ፊውዥኖች ላይ የማርሽ ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ኬብል ጫፍ የተያዘው በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽ ነው። ቡሿ በሙቀትና በእርጥበት ደርቃ ስትሰበር ኬብሉ ከካምቢዮው ይላቀቃል፤ ሹፌሩ ዘንጉን ወደ ፒ (ማቆሚያ) ወስዶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ሲወርድ መኪናው ግን ገና ማርሽ ውስጥ ሊሆንና ሊንከባለል ይችላል። ፎርድ በ2018 ጥሪ አድርጎ በ2022 ሌሎች መኪኖችን ጨምሮ ወደ ሦስት ሚሊዮን ለሚጠጉ ተሽከርካሪዎች አስፋፍቶታል፤ ጥገናው ቡሿን መቀየርና መከላከያ ክዳን መግጠም ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ከካምቢዮው አናት ላይ የኬብሉን ጫፍ መመልከት ይቻላል፤ ክዳኑ ከሌለ ጥገናው አልተሠራም። እስኪሠራ ድረስ የእጅ ፍሬኑን ሳይይዙ ከመኪናው መውረድ አይገባም።

ከዚህ ሌላ በ2018 ከ2014 እስከ 2018 ላሉት ሞዴሎች የመሪው ብሎን ሊላላ መሪውም ሊነቀል ስለሚችል፣ በ2023 ደግሞ ከ2013 እስከ 2018 ላሉት የፊት ፍሬን ቱቦዎች ሊቀደዱ ስለሚችሉ ጥሪ ተደርጓል፤ በበር መቆለፊያዎችና በመቀመጫ ቀበቶዎች ላይም ሌሎች ነበሩ። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ አንባቢን ያስደነግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን እነዚህ ጥገናዎች በአምራቹ ወኪሎች ዘንድ ያለ ክፍያ የሚሠሩና ከተሠሩ በኋላ የሚያበቃላቸው ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በማስገባት የትኛው እንደቀረ ወዲያውኑ ማወቅ ይቻላል። ከ1.5 ሊትሩ ብሎክ ጋር ሳነጻጽራቸው እነዚህን እንደ ቀላል እቆጥራቸዋለሁ።

መኪናው ከተቋረጠ መለዋወጫ አይጠፋም ወይ የሚለው ጥያቄ በከፊል ትክክል ነው። የሚያልቁ ነገሮች፣ ማለትም የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ አሞርዛተርና ኩሽኔታ፣ መኪናው በብዛት ከመሸጡም በላይ ከሌሎች የፎርድ ሞዴሎች ጋር ብዙ ክፍሎችን ስለሚጋራ ለረጅም ጊዜ የሚያሳስቡ አይደሉም። የሚከብደው የአካል ክፍል ነው። በተለይ በ2017 የተለወጡት የፊት መብራቶችና መከላከያዎች ከቀድሞዎቹ ጋር አይለዋወጡም፤ በከፍተኛ ደረጃ መኪኖች ላይ ያሉት ኤልኢዲ መብራቶች ከተሰበሩም የአንዱ ወጪ ሰውን ያስቆጣል። ስለዚህ ቀላል ግጭት የደረሰበትን መኪና በርካሽ ገዝቶ አሠራዋለሁ የሚለው ስሌት ምርቱ ከቀጠለ መኪና ይልቅ በዚህ ላይ ይከብዳል፤ ከመግዛት በፊት መብራቶቹ ውስጣቸው ጤዛ አለመያዙን ማየትም ይጠቅማል።

እንግዲህ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከ2017 እስከ 2020 ያለ ሃይብሪድ፣ ቀጥሎም ከ2016 ወዲህ ያለ ባለ 2.5 ሊትር፣ ከዚያም ጉልበት ለሚሻ የ2015 ወይም የ2016 ባለ 2.0 ሊትር። በ2017 የመጣው ባለ 2.7 ሊትር ቪ6 ስፖርት 325 የፈረስ ጉልበትና የአራቱም ጎማ ግፊት ያለው እውነተኛ ደስታ የሚሰጥ መኪና ቢሆንም፣ ለ100 ኪሎሜትር ወደ 12 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ስለሚጠጣ እንደ ቤተሰብ መኪና የማየው አይደለም። ባለ 1.5 ሊትሩን የምቀበለው የብሎክ ቅያሪው በሰነድ ከተረጋገጠ ብቻ ነው፤ ባለ 1.6 ሊትሩን በምንም ሁኔታ አልቀበልም።

ከካምሪ ጋር ለሚያወዳድር ሰው ደግሞ መልሱ በዋጋው ልዩነት ይወሰናል። የፊውዥን ጥቅሙ ተመሳሳይ ዕድሜና ኪሎሜትር ካለው ካምሪ በርካሽ መገኘቱ፣ በመንገድ ላይም ከእሱ የተሻለ መነዳቱ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ጊዜ ሃይብሪድ ፊውዥን ጥሩ ግዢ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ግን፣ በተለይም ገዢው መኪናውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ ለመሸጥ ካሰበ፣ ካምሪውን ይውሰድ።